የሳሙራይ ቤት አለቃ ኑሮ፦ ስለ ዳቴ ማሳሙኔ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሳሙራይ ፊልም በጣም ነው የምወደው። የጎሳውን አለቃ ግን ወይ ሲዋጋ፣ ወይ ተቀምጦ ሲያዝ ብቻ ነው የማየው። እውነተኛው ኑሮው ምን ይመስል ነበር? እንደ ንጉሥ ያሻውን ማድረግ ይችላል? ስለ አንድ በእውነት ስለነበረ ሰው ብትነግረን። ባለ አንድ ዓይኑ ዳቴ ማሳሙኔስ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ሥራዬም ፍቅሬም ይኸው የጃፓን ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ዳቴ ማሳሙኔ እውነተኛ ሰው ነው። ዳቴ የቤተሰቡ ስም ነው፣ ማሳሙኔ የራሱ። በ1567 በሰሜን ጃፓን ዮኔዛዋ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1636 ኤዶ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሞተ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያሻውን ማድረግ ይችላል ወይ ላልከው መልሴ «አይችልም» ነው። እንዲያውም በቤቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የታሰረው እሱ ነበር። ዛሬ ላሳይህ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ማሳሙኔን የወደድኩት ስለ ዓይኑ አይደለም። በገዛ እጁ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ከ1,000 በላይ ዛሬም አሉ። የዘመኑ አለቆች በአብዛኛው ጸሐፊ አስቀምጠው ነበር የሚያስጽፉት። እሱ ግን ብሩሹን ራሱ ይይዛል። ስለዚህ ሌላው ስለሱ ያወራውን ብቻ አይደለም የምንሰማው። እሱ ራሱ ሲፎክር፣ ሲለምን፣ ሲያባብል፣ ይቅርታ ሲጠይቅ እንሰማዋለን።

መጀመሪያ «ጎሳ» የሚለውን ቃል እናስተካክል። ጃፓኖቹ የሚሉት «ኢዬ» ነው፣ ቀጥታ ትርጉሙ ቤት። እኛም «የእገሌ ቤት» ስንል ግድግዳና ጣሪያውን ማለታችን አይደለም። እዚያም እንደዚያው ነው። ቤት ማለት ደሙ ብቻ ሳይሆን ሎሌው፣ ጭፍራው፣ መሬቱ፣ የአያቶች መቃብር፣ የቆየው ቂም፣ ያልተከፈለው ውለታ ሁሉ ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ከሌላ ቤት ልጅ ተወስዶ ስሙን ይይዛል፣ ቤቱም ይቀጥላል። አለቃው የዚህ ሁሉ ባለአደራ ነው። ሲቀበለው ከነበረው አሳንሶ ለልጁ ካስተላለፈ ወድቋል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

የቤት ትልቅነት የሚለካው በሩዝ ነበር። መለኪያው «ኮኩ» ይባላል። 1 ኮኩ ወደ 180 ሊትር ይሆናል፣ በክብደት ወደ አንድ ኩንታል ተኩል። አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ሩዝ ተብሎ ነበር የሚታሰበው። 10,000 ኮኩና ከዚያ በላይ ያለው አለቃ በኋላ ዘመን «ዳይሚዮ» ተባለ። አለቃው ከመሬቱ ለጭፍሮቹ ይከፍላል፣ እነሱ ከገበሬው የሚገባውን ግብር እየበሉ ሲጠሩ ጦር ይዘው ይመጣሉ። ጉልት ምን እንደነበር ከአያቶቹ የሰማ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

ማሳሙኔ ልጅ እያለ ፈንጣጣ ያዘው። ተረፈ፣ ግን ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። በፊልም የምታየው ጥቁር የዓይን መሸፈኛ ከሲኒማ የመጣ ነው። ዘመኑ ትቶልን በሄደው ላይ የለም። ማሳሙኔ ሥዕሉ ሲሠራ ሁለት ዓይን ይደረግልኝ ብሎ አዟል ይባላል። ወላጅ የሰጠውን አካል ማጉደል ነውር ነው ብሎ ያምን ነበርና። ሚስቱ ሜጎሂሜ ግን ከሞተ በኋላ በ1652 የእንጨት ሐውልት ስታሠራለት የተጎዳውን ዓይን እንደነበረ እንዲቀረጽ አደረገች። ሐውልቱ ማትሱሺማ በሚገኘው ዙይጋንጂ በተባለው የቡድሃ ገዳም ውስጥ ነው። እኔን በጣም የሚነካኝ ይሄ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የምታውቀው ሴት እንደምታውቀው ሆኖ እንዲቀር ፈለገች።

ከልጅነት ያልኩት በምክንያት ነው። የተጋቡት በ1579 ሲሆን እሱ 12 ዓመቱ፣ እሷ ደግሞ ከሱ አንድ ዓመት ታንስ ነበር። አባቷ የሚሃሩ ጌታ ታሙራ ኪዮአኪ ነው። ከሷ ሌላ ልጅ አልነበረውም፣ ዙሪያውንም ጠላት ከቦታል። ዳቴዎች ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ወዳጅ ይፈልጋሉ። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው? ማንም። የሳሙራይ ጋብቻ በሁለት ቤት መካከል የሚፈረም ውል ነው።

በ1584 አባቱ ቴሩሙኔ ገና 40 ዓመቱ ሳለ ሥልጣኑን ለልጁ አስረከበ። በሕይወት እያሉ ዞር ማለት በጃፓን የተለመደ ነው። ወራሹ አባት በጎኑ እያለ ሥራ ይለምዳል፣ ወንድም ከወንድም እንዳይፋጅም ነገሩ አስቀድሞ ይቋጫል። ማሳሙኔ በ17 ዓመቱ አለቃ ሆነ።

በማግስቱ ዓመት ያደረገውን ሳልደብቅ ልንገርህ። ከድቶኛል ያለውን ጎረቤት ሊቀጣ ዘመተ። ኦዴሞሪ የሚባለውን ምሽግ ሰብሮ ገባና ውስጥ የነበረውን ሰው ፈጀ። ወንድ፣ ሴት፣ እንስሳ ሳይቀር። ይህን የምናውቀው ከራሱ ደብዳቤ ነው። ለአጎቱ ሲጽፍ የገደልኩት ከ1,000 ይበልጣል ይላል። ለመምህሩ ለመነኩሴው ሲጽፍ ወደ 800 ያወርደዋል። ቁጥሩ እንደ ተቀባዩ ይለዋወጣል። ዓላማው ማስፈራራት ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ይህ ልጅ እንደ አባቱ ለስላሳ አይደለም ብለው እንዲፈሩት ፈለገ።

ፈሩት። ፍርሃቱ ግን ዞሮ አባቱን በላበት። ሃታኬያማ ዮሺትሱጉ የተባለ የኒሆንማትሱ ጌታ ተራው የኔ ነው ብሎ ደነገጠና ሊገብር መጣ። ማሳሙኔ መሬቱን ከሞላ ጎደል ሊወስድበት ጠየቀ። ቴሩሙኔ መሃል ገብቶ አማለደው። ዮሺትሱጉ ለማመስገን መጥቶ ሲሰናበት፣ ሊሸኘው በር ድረስ የወጣውን ቴሩሙኔን አንገቱን አንቆ፣ ጩቤ ደግኖ እየጎተተ ይዞት ሄደ። የዳቴ ሰዎች አቡኩማ ወንዝ ዳር ደረሱባቸው። እዚያ ጠመንጃ ተተኮሰ፣ ሁለቱም ሞቱ። አንዱ ጸሐፊ ማሳሙኔ አደን ላይ ነበር ይላል። ሌላው ደርሶ ነበር፣ አባቱም «እኔን ትታችሁ ተኩሱ» ብሎ ጮኸ ይላል። እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ አባቱ ወደ ጠላት ግዛት ቢሻገር ቤቱ በሙሉ እጁና እግሩ ይታሰር ነበር። አለቃ መሆን እስከዚህ ድረስ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ የጎረቤት ጌቶች ተባብረው መጡበት። ሂቶቶሪባሺ በተባለው ቦታ በጥር 1586 በተደረገው ውጊያ እሱ 7,000፣ እነሱ 30,000 ነበሩ ይባላል። መስመሩ ተሰበረ። የማሳሙኔ የጦር ልብስ በጥይትና በቀስት ተመታ። ያተረፈው ኦኒኒዋ ሳጌትሱ የተባለ የቤቱ ሽማግሌ ነው። ዕድሜው 73 ነበር። የብረት ቁሩ ከብዶት ቢጫ የጥጥ ቆብ ነው የደፋው። ጌታው እንዲያመልጥ ድልድዩ ላይ ቆሞ ተዋጋ፣ እዚያው ወደቀ። በዚያ ሌሊት ከጠላት ወገን ዋናው፣ የሳታኬ ጦር፣ ነቅሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በነጋታው የሚገጥመው አልነበረም። 18 ዓመቱ ነው እንግዲህ። አባቱን ቀብሯል፣ አንድ ሽማግሌም በሱ ፈንታ ሞቶለታል።

ከዚያ በኋላ ተነሣ። በ1589 ሱሪያገሃራ በተባለ ሜዳ የአሺና ቤትን ሰበረና አይዙ የተባለውን አገራቸውን ያዘ። በ21 ዓመቱ የሰሜኑ ትልቁ ጌታ ሆነ። ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ችግሩ የመጣው ከደቡብ ነው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ አብዛኛውን ጃፓን ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ከእንግዲህ ጌቶች በገዛ ፈቃዳቸው እንዳይዋጉ የሚል ትእዛዝም አውጥቷል። አይዙ የተያዘው ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ነው።

በ1590 ሂዴዮሺ ያልገበረለትን የኦዳዋራን ምሽግ ከብቦ የሰሜን ጌቶችን ጠራ። ማሳሙኔ ዘገየ። ሲደርስም ወዲያው አላስቀረቡትም። ሃኮኔ ተራራ ውስጥ ሶኮኩራ በምትባል የፍል ውሃ መንደር አስቀመጡትና መርማሪ ላኩበት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የጠየቀውን ስማ። የሻይ ሥርዓት ሊቁን ሴን ኖ ሪክዩን አገናኙኝ፣ ልማር እፈልጋለሁ አለ። ሂዴዮሺ ለሻይ ሥርዓት ነፍሱን ይሰጣል። ማሳሙኔም ይህን ያውቃል። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሻይ የሚማር ሰው ሲሰማ ሂዴዮሺ ሊያየው ጓጓ።

የቀረበው ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር ይባላል። ነጭ የሚገነዝ ሰው ልብስ ነው። «ለመሞት ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ» ማለቱ ነው። ሂዴዮሺ በያዘው በትር አንገቱን ነካ ነካ አድርጎ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ይቺ ነበረች አደጋ ላይ» አለው ይላሉ። አይዙን ነጠቀው፣ ነፍሱንና አብዛኛውን የአባቱን ርስት ተወለት። ያን ቀን የ22 ዓመቱ ሰው አንድ ነገር ገባው ብዬ አምናለሁ። በሰይፍ ግዛት የሚሰፋበት ዘመን አልፏል። ከዚህ በኋላ ቤት የሚጠበቀው በብሩሽ፣ በግብዣ፣ በሩዝና በትዕግሥት ነው።

ወዲያው ሌላ ፈተና መጣ። በጎረቤት አገር ገበሬውና የተበተኑ ሳሙራዮች አመጹ። አመፁን የቀሰቀሰው ማሳሙኔ ነው የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ሂዴዮሺ እጅ ገባ። ማኅተሙ የውሃ ዳር ወፍ ቅርጽ ነበረው። ማሳሙኔ ቀርቦ ሲጠየቅ «የኔ ማኅተም ወፏ ዓይን ላይ በመርፌ የተወጋ ቀዳዳ አለው፣ ይሄ ግን የለውም» ብሎ አመለጠ የሚል ታሪክ አለ። ታሪኩ እንደወረደ ይሁን አይሁን፣ ቅጣቱ ግን የተረጋገጠ ነው። የተወለደባት ዮኔዛዋ ተወሰደችበትና የአመፁ አገር የነበረው የጠፋ መሬት ተሰጠው። ጠቅላላው 580,000 ኮኩ ያህል ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ መያዣ ልንገርህ፣ በፊልም ብዙ አይታይምና። ሂዴዮሺ የጌቶችን ሚስትና ልጅ ኪዮቶ አስመጥቶ ያስቀምጥ ነበር። ሜጎሂሜም ከ1590 በኋላ ሄደች። በኋላም የቶኩጋዋ ቤት ሾገኖች፣ ማለትም የጃፓን ወታደራዊ ገዥዎች፣ ዋና ከተማቸውን ኤዶ ሲያደርጉ ወደዚያ ተዛወረች። ቀሪ ዕድሜዋን በአብዛኛው ያሳለፈችው ባሏ ከሚገዛው አገር ርቃ ነው። በጋብቻቸው 15ኛ ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። የማሳሙኔ የበኩር ወንድ ልጅ ሂዴሙኔ ከሌላ ሴት ነበር። እሱም በልጅነቱ ለሂዴዮሺ ተሰጥቶ እዚያ አደገ። የጊዜው ባለሥልጣን ሲለወጥ በሂዴዮሺ ቤት ያደገ ልጅ ወራሽ ሊሆን አልቻለም። ለቤቱ ስለማይበጅ ወራሹ ታናሹ ታዳሙኔ ሆነ። ሂዴሙኔ ሩቅ ደቡብ፣ ሺኮኩ ደሴት ላይ ኡዋጂማ የተባለ 100,000 ኮኩ ግዛት አገኘ። የዳቴ ቅርንጫፍ እዚያም ተተከለ።

ስለ እናቱ የሰማኸው ካለ ደግሞ በጥንቃቄ ያዘው። የቆየው ታሪክ እንዲህ ነው። እናቱ ዮሺሂሜ ታናሹን ልጇን ትወድ ነበር። ወደ ኦዳዋራ ከመሄዱ በፊት ማሳሙኔን በምግብ መርዝ ልትገድለው ሞከረች። እሱም ወንድሙን ገደለ፣ እናቱም ሸሸች። ለድራማ የተመቸ ነው። ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ይላሉ። በ1593 ማሳሙኔ በሂዴዮሺ ትእዛዝ ኮሪያ ዘምቶ ሳለ እናቱ ግጥምና 3 ወርቅ ላከችለት። እሱም መልሶ ጻፈ። ለሷ የሚሆን ስጦታ ብዙ ፈልጎ የኮሪያ የጥጥ ጨርቅ መላኩን ይነግራታል። የመለሰላት ቃል ናፍቆት የተሞላ ነው። ከቤት ወጥታ ወደ ወንድሟ አገር የሄደችውም ከመርዙ ታሪክ 4 ዓመት ቆይታ፣ በ1594 መሆኑን የሚያሳይ የዘመኑ ደብዳቤ ተገኝቷል። የወንድሟ ቤት በ1622 ሲፈርስ ማሳሙኔ ወደ ራሱ ዘንድ አመጣት። በማግስቱ ዓመት እሱ ዘንድ ሞተች። መርዝ አበላችኝ የሚላት እናት እንዲህ ትመስላለች? ለኔ አትመስለኝም።

በ1600፣ ሂዴዮሺ ከሞተ በኋላ፣ የሱ ሹማምንትና ኃያሉ ጌታ ቶኩጋዋ ኢየያሱ ሲጋጩ ማሳሙኔ ከኢየያሱ ጎን ቆመ። ኢየያሱ ብዙ አውራጃዎች ጨምሬልህ 1,000,000 ኮኩ ያህል ትደርሳለህ የሚል ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ማሳሙኔ ግን በጎን የሌላ ጌታ ግዛት ውስጥ አመፅ ሲያስነሣ ተደረሰበት። ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ የረጋው 620,000 ኮኩ ላይ ነው። ያም ቢሆን ከጃፓን ትልልቆቹ ቤቶች አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፣ ወደ ዕለት ኑሮው። በ1601 ሰንዳይ ገባ። ከተማዋን የቆረቆራት እሱ ነው። ምሽጉን የሠራው ከታች ሂሮሴ ወንዝ በሚከበው ገደል አናት ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ ጌቶች ሰማይ የሚነካ ግንብ ግን አልሠራም። አዲሱን የጃፓን ገዥ ኢየያሱን የሚያስደነግጥ ነገር አልፈለገም ብለው ብዙዎች ያስረዳሉ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

በቅርብ ያገለገለው ሰው ማስታወሻ ትቶልናል። ጠዋትና ማታ ብቻውን የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። መደርደሪያ፣ ወረቀትና የቀለም ዕቃ አለባት። እዚያ ያነባል፣ ይጽፋል፣ የዕለቱን ምግብ ዝርዝር ራሱ ያወጣል። ትምባሆ የሚያጨሰው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። የምግቡ ነገር ትንሽ እንዳይመስልህ። ግብር ማብላት ለዚያ ዘመን አለቃ ዋና ሥራ ነው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደቀረበለት ሁሉ መልእክት አለው። መጠጥም ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ሰክሮ አሽከሩን በጩቤው ሰገባ ጭንቅላቱን መታው። በነጋታው የጻፈው ደብዳቤ እጃችን ላይ አለ። መምታቴ ልክ አልነበረም፣ ቁስልህ ሲድን ና፣ ይላል። የ620,000 ኮኩ ጌታ ነው ለአሽከሩ ይህን በእጁ የጻፈው።

ከሁሉ በላይ ጊዜውን የወሰደው ግን መሬትና ውሃ ነበር። የጭፍራው ብዛት ከገቢው ጋር አይመጣጠንም። ማባረር ነውር ነው፣ አደገኛም ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ ያልለማ መሬት ሰጥቶ እያለሙ እንዲኖሩ አደረገ። ካዋሙራ ማጎቤ የተባለ ከምዕራብ ጃፓን የመጣ የውሃ ሥራ አዋቂ ቀጥሮ ኪታካሚ ወንዝን አቅጣጫ አስለወጠ። ሥራው ከ1623 እስከ 1626 ተሠራ። ረግረጉ እርሻ ሆነ፣ ጀልባ ሩዙን ጭኖ ኢሺኖማኪ ወደብ ድረስ ወረደ። ከዚያ በመርከብ ወደ ኤዶ። ትልቂቱ ከተማ የሰንዳይን ሩዝ እየበላች አደገች። ማሳሙኔ በጦርነት ካገኘው ይልቅ ቤቱን ያቆመው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመርከብ ነገር ከተነሣ ለኛ ለሐበሾች ልዩ የሆነ አንድ ታሪክ አለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1611 የሰሜኑን ባሕር ዳር ሱናሚ መታው። በዳቴ ግዛት ብቻ 1,783 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማሳሙኔ 500 ቶን ያህል የሚሆን፣ በአውሮፓውያን ስልት የተሠራ መርከብ አሠራ። ከሜክሲኮ ጋር በቀጥታ መነገድ ፈልጎ ነው። ጥቅምት 1613 ወደ 180 ሰው ይዞ ተነሣ። የመልእክተኛው ስም ሃሴኩራ ትሱኔናጋ ይባላል። ትልቅ ሰው አልነበረም። አባቱ በዚያው ሰሞን በጥፋት ተፈርዶበት ሞቷል። መልእክቱ የቤቱን ስም የሚያድስበት ዕድል ነበር። እዚህም ቤት ነው ነገሩ። ሃሴኩራ ሜክሲኮን አቋርጦ ስፔን ደረሰ፣ በ1615 ማድሪድ ውስጥ ንጉሥ ፊሊፕ 3ኛ ባለበት ተጠመቀ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሮም ገብቶ የማሳሙኔን ደብዳቤ ለጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ አቀረበ።

አሁን ይህን ልብ በል። በዚያው በ1613 አፄ ሱስንዮስም ለእነዚያው ለሁለቱ ሰዎች፣ ለፊሊፕ 3ኛና ለጳውሎስ 5ኛ፣ መልእክተኛ ልከው ነበር። የሄዱት ፍቁረ እግዚእና ኢየሱሳዊው ቄስ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ናቸው። በቀይ ባሕር በኩል መውጣት ስለማያስተማምን በእናርያ አድርገው ወደ ማሊንዲ ወደብ ለመውረድ ሞከሩ። መንገድ ተዘጋባቸው፣ ታሰሩ፣ ተጉላልተው ተመለሱ። ከጃፓን የተነሣው ሮም ደረሰ፣ ከጎንደር አካባቢ የተነሣው ግን ከአገር መውጣት አልቻለም። ሁለቱ ስለ መኖራቸው እንኳ የሚተዋወቁ አይመስለኝም። እኔ ግን ይህን ዓመት ባሰብኩ ቁጥር ሁለቱንም መንገደኞች አብሬ ነው የማስባቸው።

የማሳሙኔ ሙከራ ፍሬ አላፈራም። ሃሴኩራ መንገድ ላይ እያለ ኢየያሱ ክርስትናን በመላ ጃፓን ከለከለ። ወሬው ስፔን ደረሰና ንግዱ ቀረ። ሃሴኩራ በ1620 ሲመለስ ማሳሙኔ በሁለት ቀን ውስጥ በግዛቱ ክርስትናን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ራሱ የላከው ሰው ተጠምቆ መጥቶለት ማለት ነው። በ1624 በብርዱ ወራት ፖርቱጋላዊው ቄስ ዲዮጎ ካርቫሎና ሌሎች ክርስቲያኖች ምሽጉ ሥር ባለው ሂሮሴ ወንዝ በረዷማ ውሃ ውስጥ ተደርገው ሞቱ። ይህን ለማለስለስ አልሞክርም። አንድ ጊዜ ሚሲዮናውያንን የጋበዘ ሰው፣ ሾገኑ ቤቱን እንዳይጠረጥር ብሎ ሰው አስገደለ። ወደ መጀመሪያው መልሴ ይመልሰናል፣ ያሻውን አላደረገም። ያደረገውን ግን እሱ ነው ያደረገው።

ሲያረጅ የክብር ሰው ሆነ። በወጣትነቱ ፈረስ ላይ ዕድሜው እንዳለፈ፣ ዓለም ሰላም ሲሆን ፀጉሩ እንደነጣ፣ ሰማይ በተወለት ትርፍ ዕድሜ ካልተደሰተ ምን ሊያደርግ እንደሆነ የሚል አጭር ግጥም ጽፏል። ሦስተኛው ቶኩጋዋ ሾገን ኢየሚትሱ እንደ ታላቅ ሰው ያየው ነበር። በ1636 ማሳሙኔ ታሞ ኤዶ ሲገባ ሾገኑ ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጠየቀው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰኔ 27 ቀን ሞተ። 15 ጭፍሮቹ ተከትለውት ራሳቸውን ገደሉ። እነሱን ደግሞ የራሳቸው 5 ሎሌዎች ተከተሏቸው። የሃያዎቹ መታሰቢያ ከመቃብሩ ጎን ተተክሏል። የቤቱ ፍቅር እዚህ ድረስ ይሄድ ነበር፣ ለኔ ዛሬም አንብቤ የማልለምደው ነገር ነው።

ሰንዳይ ያለው መቃብሩ ዙይሆዴን ይባላል። ሕንፃው በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። እንደገና ለመሥራት ሲባል በ1974 መቃብሩ ተከፈተ። አጥንቱ ሲለካ ቁመቱ 159.4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ላይ እንደምታየው ግዙፍ አልነበረም። አብረውት የተቀበሩት ዕቃዎች ሰይፍና የጦር ልብስ ነበሩ፣ የትምባሆ ማጨሻም አለ። የጽሕፈት ዕቃውም ወጣ። ከጽሕፈት ዕቃው ጋር የተገኘው ግን ብሩሽ ብቻ አልነበረም። 7 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን እርሳስ ነበረች፣ ከባሕር ማዶ ዕውቀት የመጣች፣ ጃፓን ውስጥ ከተገኙት እርሳሶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዷ።